የጥር ሥላሴ ጉዟችን እና ጀልባው ላይ አብሮን የተሳፈረው የሆድ ቫይረስ

2015 ጥር ላይ ከባህር ዳር ተነስተን ናርጋ ሥላሴ ለንግሥ ሄደን ስንመለስ የገጠመንን ነገር ሰው በጠየቀኝ ቁጥር ከመጀመሪያው እየጀመርኩ ማውራት ደከመኝ፣ ደግሞ ገና ግማሹ ላይ ሳልደርስ «ምግቡ ተበላሽቶባችሁ ነው» ወይ «የጣናን ውሃ ጠጥታችሁ ነው» ብለው ይዘጉታል። የተበላሸ ምግብ አልነበረም። የምንጠጣውም የሃይላንድ ውሃ ነው። ስለዚህ እንዳለ በጽሁፍ ላስቀምጠው፣ በንግሥና በጥምቀት ሰሞን ቤተሰቡን ይዞ ጣና ላይ ለሚሄድ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው።

የተነሳነው ቅዳሜ ጥር 6 ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የጀልባው ካፒቴን ከዛ አሳልፎ መነሳት አይወድም፣ ጠዋት እንደ ረጋ ወተት የተኛው ውሃ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሌላ ፍጥረት ነው የሚሆነው። ጣራ ያላት የብረት ጀልባ ናት፣ 34 ሰው ነበርን፣ አብዛኛው የሰፈራችን የሥላሴ ማህበርተኛ ከነልጆቹ። ከኋላ ሞተሩ አጠገብ አንዲት ጠባብ ሽንት ቤት አለች፣ በሯ ጋ አንድ በርሜል ውሃ፣ በርሜሉ ውስጥ በሲባጎ የታሰረች ጣሳ፣ እጁን የሚታጠበውም ሽንት ቤት የሚገባውም ዕቃ የሚያለቀልቀውም በዛችው ጣሳ እየጠለቀ ነው።

እናቴ አብራን ነበረች፣ 68 ዓመቷ ነው፣ የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፣ ናርጋን ሳላይ አልሞትም ስትል ስንት ዓመቷ። የአክስቴ ልጅም ነበረች፣ እኛ ቤት እታለም ነው የምንላት፣ በካሪቢያን ባህር በሚመላለስ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ላይ አራት ዓመት ኬቢን፣ ማለት የመንገደኞቹን መኝታ ክፍል፣ አጽድታለች፣ ኮንትራቷ አልቆ ለገና ገብታ ነው ያገኘናት። እሷ ባትኖር ምን ይውጠን እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ጉዞው መጀመሪያ ላይ እንዴት ደስ ይል ነበር። ከዘጌ እንጨት የጫኑ የደንገል ታንኳዎች ወደ ከተማ ሲቀዝፉ በአጠገባችን ያልፋሉ፣ ሴቶቹ እልል እያሉ ይዘምራሉ፣ ልጆቹ ጉማሬ እናያለን ብለው በአንድ በኩል ተደርድረው ካፒቴኑ እየጮኸ ይመልሳቸዋል። ዘጌን አልፈን ሰፊው ውሃ ላይ ስንወጣ አንድ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ አስመለሰው። እናቱ ደንገጥ ብላ «ማዕበሉ ነው፣ ጀልባ ለምዶ አያውቅም» አለች፣ ሎሚ ተሰጠው፣ ወለሉን በቁራጭ ጨርቅ ጠረገችው፣ ጨርቁን በጣሳ ውሃ አለቅልቃ አጠገቧ አንጠለጠለችው። እኔ ልብ ብዬ ያየሁት የእታለምን ፊት ነው። ማዕበል የሚባል ነገር አልነበረም፣ ውሃው ዝም ብሏል። ጠጋ ብላ «እህቴ፣ ማታ ቤትም አስመልሶት ነበር እንዴ?» አለቻት ቀስ ብላ። «ኧረ የለም፣ ደህና ነው ያደረው» አለች ሴትዮዋ።

ትንሽ ቆይቶ ቁርስ ቀረበ። ድፎ ዳቦ። እቺው እናት እጇን በጣሳ ውሃ አለቅለቅ አድርጋ ከቦርሳዋ ሳኒታይዘር አውጥታ እስከ ክንዷ ድረስ አሸችና፣ ያው ከኮሮና ወዲህ ጄል የቀባ እጅ ንጹህ ነው ብለን አምነናል፣ ድፎውን እየቆረሰች ለሁሉም አደለች። ለእናቴ በዕድሜ ታላቅ ስለሆነች የመጀመሪያውን ቁራሽ በሁለት እጇ ሰጠቻት። በክብር። ይሄን ሳስበው እስከዛሬ ሆዴን ይበላኛል፣ ምክንያቱም ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም፣ ማድረግ አለብኝ ብላ የምታውቀውን ሁሉ አድርጋለች።

ናርጋ አራት ሰዓት ሳይሞላ ደረስን። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናት፣ ከደቅ ደሴት ጎን፣ ዙሪያዋን በድንጋይ የታጠረች፣ ክብ ቤተክርስቲያን። መቅደሱ ግድግዳ ላይ እቴጌዋ ራሳቸው ከእመቤታችን ሥር ተደፍተው ተሥለዋል፣ እናቴ እሱ ሥዕል ፊት ቆማ ስታለቅስ አየኋት። ሌሊቱን ማኅሌት ቆመን አደርን፣ እሁድ ንግሡ ሆነ፣ ስለሱ ብጽፍ ሌላ ጽሁፍ ይወጣዋል።

እሁድ ማታ 12 ሰዓት አካባቢ እናቴ «ሆዴን ጎርበጥ አለኝ» አለች። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ማስመለስ ጀመረች፣ እንደው ከየት መጣ ሳይባል ነው፣ ቀጥሎ ተቅማጥ፣ ንጹህ ውሃ የመሰለ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሌሎች ሦስት ሰዎች። ሌሊቱን ሙሉ አንዱ ሲነሳ ሌላው ሲወድቅ፣ ሰኞ ጠዋት ስንቆጥር 11 ሰው ነበር። አንዱ ብርድ ነው አለ፣ አንዱ ታይፎይድ፣ አንዷ ደግሞ የንግሡን ወጥ ልታማ ጀመረች፣ አንድ አባት «ልጄ፣ ስንቱ የበላውን ነው እኮ» ብለው ዝም አሰኟት። እውነታቸውን ነው፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው አልታመመም፣ የታመመው የኛ ጀልባ ሰው ብቻ ነው።

እታለም ሌሊት ነው ያስረዳችኝ፣ እናቴን ደግፈን እያስመለሰች። ኖሮ ይባላል፣ ኖሮቫይረስ። ስሙ የመጣው ኖርዎክ ከምትባል የአሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ያለች ከተማ ነው፣ እዛ 1968 እ.ኤ.አ. አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተማሪዎች ባንዴ ታመሙ፣ ቫይረሱን በማይክሮስኮፕ ያዩት 1972 ላይ ነው። ከተያዝክ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ዝም ይልና ድንገት ይነሳል። ቆጠርኩት፣ ከቅዳሜ ጠዋት ድፎ እስከ እሁድ ማታ 33 ሰዓት። «ጄሉስ? ሁላችንም ጄል ተቀብተን ነው እኮ የበላነው» አልኳት። «እሱ ነው የገደለን» አለችኝ። ኮሮና ዙሪያውን የስብ ሽፋን አለው፣ አልኮል ያንን ሲያፈርስበት ያልቅለታል፣ ኖሮ ግን የስብ ሽፋን የለውም፣ ጠንካራ የፕሮቲን ቅርፊት ነው፣ አልኮሉ ብዙም አይነካውም። የሚያዋጣው ሳሙና ነው፣ ሳሙናም ቢሆን ስለሚገድለው አይደለም፣ ከእጅ ላይ አላቆ በሚፈስ ውሃ ስለሚወስደው ነው፣ 20 ሰከንድ ያህል ጣት ለጣት፣ ጥፍር ሥር ድረስ። ከመቶ ያነሰ ቅንጣት ሰው ለማሳመም ይበቃዋል፣ በአንድ ትውከት ውስጥ ደግሞ ስንት ሚሊዮን አለ።

ስለ መርከቡ ስትነግረኝ ነው በጣም የገረመኝ። እዛ አንድ ሰው አስመለሰኝ ካለ ኬቢኑ ውስጥ ይቀመጣል፣ ምግብ በር ድረስ ይመጣለታል፣ ካቆመለትም በኋላ ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን አይወጣም። ቁጥሩ ከፍ ሲል ኮድ ሬድ ይባላል፣ ቡፌው ላይ መንገደኛ ጭልፋና መቆንጠጫ አይነካም፣ ሠራተኛ ነው የሚያነሳለት፣ እነሱ ደግሞ ጓንት አድርገው ቀንም ሌሊትም የደረጃ መደገፊያ፣ የሊፍት ቁልፍ፣ የበር እጀታ በክሎሪን ይጠርጋሉ። ሬስቶራንት በር ላይ «ዋሺ ዋሺ» እያለ ሰው እጁን እንዲያጸዳ የሚያደርግ ሠራተኛ ይቆማል። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ሲዲሲ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መርከቦችን የሚፈትሽበት ፕሮግራም አለው፣ ከ100 ነጥብ 85 እና ከዛ በታች ያገኘ ወድቋል ይባላል፣ በዛን ጊዜ ደንቡ ከመንገደኛው ወይ ከሠራተኛው 3 ከመቶ ሲታመም ለሕዝብ ይለጠፋል ነበር የሚለው። «እና መርከብ ላይ ይሄ በሽታ የሚበዛ ይመስላችኋል አይደል» አለችኝ፣ «የሚበዛው መሬት ላይ ነው፣ ከተመዘገበው ወረርሽኝ የመርከቡ አንድ ከመቶ ነው፣ መርከብ ላይ ግን ስለሚቆጠር ይታያል።»

ከሁሉ የከበዳት ግን ሰው መደበቁ ነው። ገንዘቡን ከፍሎ የመጣ ሰው ኬቢን ውስጥ እንዳይዘጉበት ያስመለሰውን በፎጣ ጠርጎ ፎጣውን አልጋ ሥር ይደብቃል፣ እሷ በማግስቱ በባዶ እጇ ታነሳዋለች። አንዴ እንዲህ ተይዛ ሦስት ቀን ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ተኝታለች፣ ለአክስቴ እንኳን አልነገረቻትም።

ሰኞ ጠዋት ጀልባው ከመነሳቱ በፊት እታለም ተነስታ ታላላቆቹን ይቅርታ ጠይቃ ተናገረች። «አባቶቼ እናቶቼ፣ ዛሬ ባትቀየሙኝ እኔ ያልኩት ይሁን።» ደቅ ላይ ካለች ሱቅ ሁለት ጠርሙስ በረኪና እና ስምንት ሳሙና ተገዛ። በርሜሏ ተደፍታ ታጠበችና ለሽንት ቤት ብቻ ሆነች፣ ለእጅ ቧንቧ ያለው ጀሪካን ከአንድ ቤት ተዋስን። በረኪናውን ለአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ እየለካች በጠበጠች፣ መጀመሪያ በሳሙና ጠርጋ ከዛ በረኪናውን ቀብታ አምስት ደቂቃ እንዲቆይ ታደርጋለች፣ የሽንት ቤቱን በር፣ ብረቱን፣ ወንበሩን። ያቺን ጨርቅ በሁለት ፌስታል አስራ አስቀመጠቻት። የታመመው ሁሉ ከኋላ፣ ጤነኛው ከፊት። ትሪ ላይ አብሮ መብላት የለም፣ ጉርሻ የለም፣ ለየራስ ሙዝና የታሸገ ብስኩት ብቻ።

እጅ ማስታጠቡን ለእኔ ሰጠችኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ እኛ ቆሞ ውሃ እያፈሰሱ ማስታጠብ የሚባል ባህል አለን፣ ሳህን ውስጥ እጅ ከመንከር ስንት እጥፍ ይሻላል፣ የሚፈስ ውሃ ነው። ግን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ከመብላታችን በፊት ጣታችንን ብቻ ረጠብ እናደርግና ከበላን በኋላ ነው ወጡ እንዲለቅ በሳሙና የምንፈትገው። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እንደዛው ነኝ። የዛን ቀን ሳሙናውን ከመብላት በፊት ስሰጣቸው ሁለት ሦስት ሰው «ኧረ ገና አልበላሁም» አሉኝ።

ለታመሙት ለምለም፣ ያ ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ዱቄት፣ ነበረን፣ አንዷ ነርስ የሆነች ጎረቤታችን አራት ፓኬት ይዛ ነው የመጣችው፣ አንዱን በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጠን። ሲያልቅ አንድ ሊትር ውሃ ላይ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው እያደረግን ቀጠልን። እናቴ የሰጠኋትን ብርጭቆ በአንዴ ጨልጣ መልሳ አስወጣችው፣ እታለም ቀምታኝ «አክስቴ፣ በማንኪያ ይጠጡ፣ ትንሽ ትንሽ» እያለች አንድ ሰዓት ሙሉ በማንኪያ አጠጣቻት። ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ስትነሳ እያዞራት፣ ባህር ዳር የሚባል ከተማ የሚደረስም አልመስል ብሎኝ ነበር።

መንገድ ላይ ነው የልጁ እናት የተናገረችው። እሷም ታማለች፣ ከኋላ ከእናቴ ጋር ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት። «ዓርብ ማታ ሦስቴ አስመልሶት ነበር» አለች እያለቀሰች፣ «ከተናገርኩ ያስቀሩኛል ብዬ ነው፣ ስለቴን ሳላደርስ።» ጀልባው ጸጥ አለ። በጣም ተናድጄ ነበር፣ የምናገረውም አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ እናቴ ግን እጇን ሴትዮዋ ጉልበት ላይ አድርጋ «እኔም ብሆን ዝም ነበር የምል» አለቻት። እውነት ነው፣ እናቴ ዝም ትል ነበር። እኔም። ልጅ ትንሽ አስመለሰው ብሎ ማህበር የሚያስቀር ማን አለ እኛ ሰፈር፣ ተናግሮስ ሰው ምን ይለኛል የማይል።

ባህር ዳር ስንወርድ እናቴን ቀጥታ ጤና ተቋም ወስደን ጉሉኮስ ተሰጣት፣ ሰገራ ምርመራው አሜባም ጃርዲያም የለውም፣ ሐኪሙ የእታለምን ታሪክ ሰምቶ ቫይረሱ ነው፣ አንቲባዮቲክ አያስፈልግም አለ። ማክሰኞ ማታ ተቅማጡ ቆመላት። ከጀልባው ሰው ሰኞ ከተሳፈርን በኋላ አዲስ የታመመው አራት ሰው ነው፣ አራቱም እንግዲህ ቀድሞ የያዛቸው ይሆናሉ። እቤት ግን ማንም አልታመመም፣ ልብሷን ለብቻ በፈላ ውሃ አጠብን፣ ሽንት ቤቱን እኔ በረኪና ይዤ ጠዋት ማታ፣ ወጥ ቤት ደግሞ እንዳትገባ ሆነ፣ ጤነኛ ከመሰለም በኋላ ቢያንስ ሁለት ቀን ለሰው ምግብ መሥራት የለም፣ ቫይረሱ ከሰገራ ጋር ሁለት ሳምንትና ከዛም በላይ ይወጣል።

ረቡዕ ከተራ ነው። ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርዱ መንገዳቸው በኛ በር ነው፣ እናቴ ነጭ ለብሳ በር ላይ ወንበር አውጥተንላት ተቀመጠች። ጎረቤታችን እማማ ከሩቅ አይተዋት እጃቸውን ዘርግተው ሊስሟት ሲመጡ እናቴ ሁለት እጇን ወደ ነጠላዋ ከተተችና፣ መንገዱ ሁሉ እየሰማ፣ «እትዬ አይንኩኝ፣ ሆዴን ታምሜ ነበር፣ ገና ሁለት ቀን አልሞላኝም» አለች። እማማ ባሉበት ቆሙና ከዛው ሆነው ጎንበስ ብለው «እንኳን አደረሰሽ፣ እግዜር ይማርሽ» አሏት።