ካርናክ፦ ንጉሥ የሚመርጠው ጀልባ

ከካይሮ ወደ ሉክሶር የሄድኩት በሌሊት ባቡር ነው። ስለ መንገዱ የማወራው የለኝም፤ ኤሲው ሲያንቀጠቅጠኝ አደረ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ወፍራም ብርድ ልብስ ከሻንጣው ሲያወጣ ነው የባቡሩ ደንበኛ መሆኑ የገባኝ።

ጠዋት የፈረስ ጋሪ ይዤ የጥንት ግብፆች ቤተ መቅደስ ወደሆነው ካርናክ። በ100 ፓውንድ ተስማማን። ስንደርስ ባለጋሪው "እሱ የኔ ነው፣ የፈረሱስ?" አለኝ። ተጨቃጭቀን 50 ጨመርኩ። ፈረሱ እንደሁ ሰባራ ሳንቲም አያያትም።

134ቱን ግዙፍ ዓምዶች ሁሉም ፎቶ ያነሳቸዋል፣ እኔም አንስቻለሁ፤ እንለፋቸው። ይዞ ያስቀረኝ የንግሥት ሐትሸፕሱት ቀይ መቅደስ ነው። ከሞተች በኋላ ፈርሶ ድንጋዮቹ ለሌላ ግንባታ ውለው ነበር። በኛ ዘመን ተለቃቅመው እንደገና ተገጣጠሙ። ግድግዳው ላይ ራሳቸውን የተላጩ ካህናት የዋናውን አምላካቸውን የአሙንን ጀልባ በትከሻቸው ተሸክመዋል። ጀልባው መሃል ትንሽ ድንኳን መሳይ አለች። ጣዖቱ እዚያ ውስጥ ነው፤ ሕዝብ አያየውም።

ይህ ጀልባ ጥያቄ ይቀርብለት ነበር። ወደፊት ከመጣ "እሺ"፣ ወደኋላ ካለ "አይሆንም"። ፈርዖኑ ቱትሞስ 3ኛ እዚሁ ካርናክ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ ገና ልጅ ሳለሁ ጀልባው ፈልጎ ፈልጎ እፊቴ ቆመ፣ በዚያ ተመረጥኩ ይላል።

አንዱ አስጎብኚ "ለመሆኑ ማን ነበር የተሸከመው?" ሲል ቱሪስቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ ሳቁ አልመጣልህ አለኝ። ጃንሜዳ ላይ "ታቦቱ አልንቀሳቀስ አለ" ሲባል እናቴ ጎን ቆሜ ያደግኩ ሰው ነኝ። እልልታው፣ የካህናቱ ላብ፣ የሴቶቹ እንባ። ያን ጊዜ "ማን ነው የተሸከመው?" ብዬ ቢሆን በጥፊ ነበር የምትለኝ።

የግብፆቹ ሒሳብ ግን ግልጽ ነው። በደንቡ ዋናው ካህን ንጉሡ ራሱ ነው፤ የትም ግድግዳ ላይ መባ ሲያቀርብ የምታዩት እሱን ነው። ግን በየመቅደሱ በየቀኑ መገኘት ስለማይችል ካህናት ይወክላል። አሙን ዙፋን ይሰጣል፤ ንጉሡ ደግሞ ከሶርያና ከኑቢያ ዘመቻ ያገኘውን ወርቅ፣ ከብትና ምርኮኛ፣ መሬትም ጨምሮ ለአሙን ይሰጣል። እከክልኝ ልከክልህ። እንዲህ እየተባለ ጎተራው ካህናቱ እጅ ገባ።

ውጤቱን ያየሁት እዚያው ግቢ ጥግ፣ ቱሪስት የማይበዛበት፣ ኮንሱ የሚባለው አምላክ መቅደስ ውስጥ ነው። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። "ሐበሻ!" አሉ። "ውሃውን የያዛችሁብን እናንተ ናችሁ?" ደንገጥ ስል ከት ብለው ሳቁና ሻይ ቀዱልኝ። ስኳሩ ለጉድ ነው።

ከዚያ እጄን ይዘው አንድ ቅርጽ አሳዩኝ። "ሄሪሆር" አሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1080 አካባቢ የነበረ የአሙን ሊቀ ካህናት ነው። እዚህ ግን የንጉሥ ማዕረግ ይዞ ተቀርጿል። ስሙም የፈርዖን ስም በሚከበብበት ሞላላ ቀለበት ውስጥ ገብቷል። ዋናው ፈርዖን ወደ ሰሜን ርቆ ሳለ፣ ጀልባውን ያሸክም የነበረው ሰውዬ ዘውዱን እዚሁ ቤቱ ውስጥ ደፋ።

ስወጣ ለሽማግሌው ገንዘብ ዘረጋሁ፤ ሻይ አይሸጥም ብለው እምቢ አሉ።

"የሻይ አይደለም፣ የውሃው ነው" ስላቸው ግን እየሳቁ ኪሳቸው ከተቱት።