ፎርቹነር ወይስ ፓጄሮ ስፖርት፦ ሱሉልታ ጭቃ ላይ እንዴት እንደወሰንኩ

ሱሉልታ ቤት ሰርተን በገባን በሁለተኛው ክረምት ቪትዟ እጅ ሰጠች። ከአስፋልቱ ወደ እኛ ግቢ የሚያስገባው መንገድ ቢበዛ 800 ሜትር ነው፣ ግን መሬቱ ያ የምታውቁት ጥቁር አፈር ነው፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል ክረምት ላይ እንደ ማስቲካ ይይዛል። ሐምሌ ላይ ሶስት ቀን ተከታትሎ የሰፈር ልጆች ሲገፉኝ በአራተኛው ቀን ባለቤቴ "ወይ መኪና ቀይር ወይ ሰፈር እንቀይር" አለችኝ። ቤቱ ገና ቀለም እንኳን አልተቀባም፣ ስለዚህ መኪና ሆነ።

የምንፈልገው ሰባት ሰው የሚይዝ (ሶስት ልጆች አሉን፣ እናቴና የእህቴ ልጅም እኛ ጋር ናቸው)፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ፎር ዊል ያለው፣ በአመት ሁለት ሶስቴ ደግሞ ደብረ ማርቆስ አድርሶ የሚመልሰን። ለምን ኤሌክትሪክ አልገዛህም የሚለኝ ሰው ስለማይጠፋ ቀድሜ ልመልስ፣ አያትና ሲኤምሲ ብኖር እሱን ነበር የምገዛው፣ እኛ ሰፈር ግን መብራት እንደፈለገ ነው የሚመጣው፣ ማርቆስ ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ነው፣ መሀሉ ላይ አባይ በረሃ አለ፣ ሰባት ሰው ጭኜ እዛ ልሞክረው አልደፈርኩም። በቃ ይሄው ነው።

ሁለት መኪና ቀረ። ቶዮታ ፎርቹነር 2.7 ቤንዚን እና ሚትሱቢሺ ፓጄሮ ስፖርት 2.4 ናፍጣ፣ ሁለቱም በፈረንጅ 2015 ላይ የወጣው ቅርጽ። ኤክሴል ከፈትኩ። ለሳምንታት ማታ ማታ ኤክሴል ላይ ነበርኩ፣ ባለቤቴ "ሌላ ሴት ብትይዝ ይሻል ነበር" እስክትለኝ ድረስ።

ወረቀት ላይ ስታያቸው ወንድማማች ናቸው። ሁለቱም ሻንሲ ላይ የተቀመጡ ናቸው፣ አንዱ የሃይሉክስ ዘመድ ሌላው የሚትሱቢሺው ፒክአፕ የኤል 200፣ ርዝመታቸው ሁለቱም ወደ 4.8 ሜትር፣ ከመሬት ያላቸው ከፍታም 22 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። የነዳጅ ታንከር ብቻ ፎርቹነር 80 ሊትር ሲይዝ ፓጄሮው 68 ነው። እኔ እንግዲህ የአንድ ሳምንት እንቅልፌን ያጣሁት በ12 ሊትር ልዩነት ነው።

ልዩነቱ ያለው ሞተሩ ጋር ነው፣ እሱ ደግሞ ኤክሴል ላይ በደንብ አይታይም። የፎርቹነሩ 2.7 ቤንዚን 160 ፈረስ ጉልበት ገደማ አለው፣ ቶርኩ (ጎማውን የማዞር ሃይሉ) 245 ኒውተን ሜትር ነው። የፓጄሮው ናፍጣ 181 ፈረስ ጉልበት፣ ቶርኩ 430። ግን ይሄ ሁሉ የተለካው ባህር ጠለል አካባቢ ነው፣ እኛ ያለነው የት ነው? አዲስ አበባ ራሷ ወደ 2,400 ሜትር ነች፣ ሱሉልታ ለመግባት ደግሞ ከአዲሱ ገበያ ጀምረህ እንጦጦን ተሻግረህ ነው። እንደ ፎርቹነሩ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ይጥላል፣ ምክንያቱም አየሩ ይሳሳል፣ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው ኦክስጅን ያንሳል። አትሌቶቹ ሱሉልታ መጥተው የሚሮጡት ለዚሁ ነው አይደል፣ ሞተር ግን እንደ ቀነኒሳ ልምምድ ሰርቶ አይለምደውም። ስለዚህ ያ 160 እኛ ሰፈር ሲደርስ 120 ምናምን ሆኗል ማለት ነው። እንደ ፓጄሮው ቱርቦ ያለው ግን አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ የሚያጣው በጣም ያነሰ ነው።

ይሄን ካወቅኩ በኋላ ፓጄሮ ማለት ነበረብኝ፣ ግን የባለቤቴ ወንድም አለ። አማቼ መርካቶ ነው የሚሰራው፣ ለሱ መኪና ማለት ቶዮታ ነው፣ ሌላው ሁሉ እቃ ነው። "ቶዮታ ማለት ጥሬ ብር ነው፣ ጠዋት ልሽጥ ካልክ ማታ ተሸጧል፣ ሶማሌ ተራ ሂድና የፈለግከውን መለዋወጫ ጥራ፣ ከዚህ ልስጥህ ከዚያ ልስጥህ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያ 2.7 ሞተር ሃይሉክስ ላይም አለ፣ የትም ያለ መካኒክ ያውቀዋል። ናፍጣውን ደግሞ ፈራሁት፣ የዘመኑ ናፍጣ ሞተር ውሃና ቆሻሻ ያለበት ነዳጅ ከገባበት ኢንጀክተሩ ነው የሚጎዳው፣ ዋጋው ደግሞ አይጠየቅም። ሰልፉም አለ፣ ናፍጣ ስትቀዳ ከፊትህ ያለው አይሱዙና ሲኖትራክ ነው፣ አንዱ ብቻውን ስንት ሊትር እንደሚጠጣ ታውቁታላችሁ።

በዚህ መሀል መኪና ማየት ጀመርን፣ እዚህ ጋ ነው ኤክሴሉ የሞተው። በእኛ 2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ገበያ ላይ የምታገኘው እዚሁ ሲነዳ የከረመ ነው፣ ስለዚህ የምታወዳድረው ፎርቹነርና ፓጄሮ ሳይሆን የዚህን ሰውዬና የዚያን ሰውዬ መኪና ነው። የመጀመሪያው ፎርቹነር ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቆጣሪው 62 ሺ ይላል። የያዝኩት መካኒክ ኮፋኖውን እንኳን አልከፈተም፣ በሩን ከፍቶ የፍሬን ፔዳሉን አየና ዝም ብሎ ጠራኝ። ላስቲኩ አልቆ ብረቱ ሊታይ ነው። "ወንድሜ፣ ይሄ እግር 62 ሺ የነዳ እግር አይደለም" አለኝ። ከስር ገብቶ ሲያይ ደግሞ ሻንሲው ላይ ብየዳ አለ፣ ተቀብቶበታል። ለመካኒኩ የከፈልኩት ከዚህ ሁሉ ወጪ በጣም ትንሹ ነው፣ ያዳነኝ ግን እሱ ነው፣ እና ደላላው ያመጣውን መካኒክ እንዳትይዙ፣ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ሁለተኛው ፎርቹነር ንጹህ ነበር፣ ዋጋውም ደስ ይላል፣ ልክ አይመስልም። ሊብሬውን አሳዩኝ ስል ነገ ነገ ሆነ፣ በኋላ ለካ ዱቲ ፍሪ የገባ ነው፣ ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ ወደኔ አይዞርም። ደላላው "ችግር የለም በውክልና ትነዳዋለህ" አለኝ፣ ስልኩን ዘጋሁት። ሊብሬውን፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን፣ የባንክ እግድ እንዳለበት እንደሌለበት ሳታጣሩ ቀብድ አትስጡ፣ ቀብድ ከወጣ በኋላ ሁሉም ሰው ስልክ አያነሳም።

ሶስተኛውን ፎርቹነርና አንድ ፓጄሮ ስፖርት በአንድ ሳምንት ውስጥ አገኘን፣ ሁለቱም በፈረንጅ 2018 ሞዴል፣ ሁለቱም መካኒኬ "ይሄ ይሁን" ያላቸው። የፓጄሮው ባለቤት ገርጂ የሚኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው። "ጋሼ፣ ካላስቸገርኩ እኔ ሰፈር ድረስ ነድቼ ልየው" ስላቸው ትንሽ አዩኝና "አብሬህ እሄዳለሁ፣ ጭቃው ላይ ከያዘህ ግን አንተ ነህ ወርደህ የምትገፋው" አሉ። የፎርቹነሩን ልጅም እንደምንም አሳመንኩት። ነሐሴ ነው፣ ዝናቡ ገና አባርቷል፣ ከዚህ የተሻለ ፈተና የለም።

ዳገቱ ላይ ያው እንደገመትኩት ነው። ፎርቹነሩ ይወጣል፣ ግን ማርሹን ይቀንሳል፣ ይጮሃል፣ አይሱዙ ልቅደም ካልክ አስበህበት ነው። ፓጄሮው ዝም ብሎ ነው የሚወጣው፣ ባለ 8 ማርሽ አውቶማቲክ ነው፣ መቼ እንደቀየረ እንኳን አታውቅም። ጭቃው ላይ ሁለቱም ገቡ፣ እዚህ ላይ አላበላልጥም። ልዩነቱ ፎርቹነሩ ላይ ፎር ዊሉን አስፋልት ከመውጣትህ በፊት ማጥፋት አለብህ፣ የፊትና የኋላው አንድ ላይ ስለሚታሰር ደረቅ አስፋልት ላይ ስትዞር ካምቢዮና ዲፈረንሻሉን ያስጨንቀዋል። ፓጄሮው የፊትና የኋላው በተለያየ ፍጥነት እንዲዞር የሚያደርግ ዲፈረንሻል መሀል ላይ ስላለው ፎር ዊል አድርገህ አስፋልት ላይ መሄድ ትችላለህ። እንደኔ 800 ሜትር ጭቃ፣ ከዚያ እርጥብ አስፋልት፣ ከዚያ ጭጋግ ለሚነዳ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በተለይ ባለቤቴም ስለምትነዳው፣ እሷ ደግሞ "የቱን ቁልፍ መቼ" የሚባል ነገር አትወድም።

ግቢ ስንደርስ ሶስተኛውን ወንበር ዘረጋነው። ፎርቹነሩ ላይ ወንበሮቹ ሲታጠፉ ወደ ጎን ነው የሚሰቀሉት፣ ግራና ቀኝ እቃ መጫኛውን ይሻሙታል። ፓጄሮው ላይ ወለሉ ውስጥ ገብተው ጠፍጣፋ ይሆናሉ፣ ጤፍ ኩንታሉን አጋድመህ ትጭናለህ። ትንሹ ልጄ ግን ፓጄሮውን አልወደደውም፣ የኋላ መብራቱ እስከ ፓራውልቱ ድረስ ስለሚወርድ "አባዬ ይሄ መኪና እያለቀሰ ነው" አለ። ጋሼ ሳቁና "እኔ ልሸጠው ነዋ" አሉት።

ከዚያ እማዬ ወጣች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሁለቱን መኪና ዞራ አየች፣ ጉልበቷ ያማታል፣ እግሯን ፎርቹነሩ ላይ ልታነሳ ሞከረች አልቻለችም፣ ፓጄሮው ላይ ሞከረች አልቻለችም። ኤክሴሌ ላይ 23 መስመር አለ፣ የእናቴ ጉልበት ግን የለም።

አንድ ሳምንት ተነጋገርንበት። ፓጄሮውን ገዛሁ። አማቼ ውልና ማስረጃ አብሮኝ መጣ፣ ምስክር ሆኖ ፈረመ፣ ሲፈርም ግን ፊቱ ለቅሶ ቤት የመጣ ነበር የሚመስለው። ልክ ሊሆን ይችላል፣ ልሽጠው ያልኩ ቀን ከፎርቹነሩ ረዘም ላለ ጊዜ ደንበኛ እንደምጠብቅ አውቃለሁ፣ ግን የምገዛው ልሸጠው ነው እንዴ።

አሁን ስምንት ወር ሆነን። አዲሱ ገበያ ድረስ በየቀኑ ወርዶ በመውጣት በሊትር 9 ኪሎ ሜትር ገደማ እሄዳለሁ፣ ሙሉ ቀድቼ፣ ነድቼ፣ መልሼ ሙሉ በመቅዳት ነው የለካሁት፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሚጽፈውን አልሰማውም። የነዳጅ ፊልትሮውን ከተባለው ጊዜ ቀድሜ ነው የምቀይረው፣ ውሃውንም አስወጣለሁ፣ ሰፈራችን ጀሪካን ናፍጣ ሞልቷል ቢባልም አልነካውም፣ ሰልፉን እሰለፋለሁ። ለፋሲካ ማርቆስ ስንሄድ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ያለውን ቁልቁለት ማርሽ አስሬ ነው የወረድኩት፣ ፍሬኑ ሳይግል፣ ወደ ደጀን ያለውን ዳገት ደግሞ ሰባት ሰው ይዘን በቀላሉ ወጣነው፣ ስንመለስ ሁለት በግም ጨምረን (አዎ፣ መኪናው ውስጥ)። ሽታው ለሁለት ሳምንት አልለቀቀም።

እማዬ ደግሞ መፍትሄውን ራሷ አመጣችው። ቡና የምታፈላበትን በርጩማ ከኋላ አስቀምጣዋለች፣ ለመግባት ስትል የእህቴ ልጅ ያወርድላታል፣ ትወጣበታለች፣ ልጁ መልሶ ይጭነዋል። ባለፈው እሁድ በርጩማውን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጥለን ሄደን እንጦጦ ከደረስን በኋላ ተመለስን።