ተፍቆ የታረመ ብራና

ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ የአክስቴ ልጅ ስኒውን አቀብላኝ፣ «ወንድም ጋሼ፣ አንተ ሕገ መንግሥት አይደል የምታስተምረው? እስቲ ንገረኝ፣ ልጄ ዜጋ ነው ወይስ አይደለም?» አለችኝ።

ጊዜው ሚያዝያ 2017 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ 2025 ነው። (ከዚህ በታች ዓ.ም ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በነሱ አቆጣጠር ናቸው።) ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ እሷ ዘንድ ነው ያረፍኩት። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ የጥገኝነት ጉዳይዋ ደግሞ ገና አልተቋጨም። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጃንዋሪ 20 ቀን የፈረሙት ትእዛዝ፣ እናቱ ያለ ፈቃድ ወይም በጊዜያዊ ፈቃድ የምትኖር፣ አባቱም ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ያልሆነ ልጅ አሜሪካ ስለተወለደ ብቻ ዜጋ አይሆንም ይላል። የፌዴራል ዳኞች ትእዛዙን አግደውታል፤ ከነሱም አንዷ እዚያው ሜሪላንድ ናት። እገዳው ግን ለአክስቴ ልጅ እንቅልፍ አልሰጣትም። «አንዲት ዳኛ ፕሬዚዳንቱን የምታቆመው በምን ጉልበቷ ነው?» አለች።

አዲስ አበባ ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚጠይቁኝም ይህንኑ ነው። ሁሌም የመለስኩላቸው ከመጽሐፍ ባነበብኩት ነው። በነጋታው በቀዩ መስመር ባቡር ወደ ዋሽንግተን የወረድኩት ነገሩ የሆነበትን ቦታ በዓይኔ ለማየት ነበር።

ጋለሪ ፕሌስ ወርጄ በእግሬ ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሄድኩ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የተቀመጠበት ክብ አዳራሽ ጨለምለም ያለ ነው። ብርሃን ቀለሙን ስለሚጎዳው መብራቱ ሆን ተብሎ ተቀንሷል፤ ፎቶ ማንሣትም ክልክል ነው። ጽሑፉ አራት ገጽ ብራና ነው። ብራና ስል እኛ የምናውቀውን፣ ተወጥሮና ተፍቆ የተዘጋጀውን የእንስሳ ቆዳ ማለቴ ነው። አያቴ የብራና ጸሐፊ ነበሩ። ፊደል ሲሳሳቱ ቀለሙን በስለት ጫፍ ቀስ አድርገው ይፍቁና በዚያው ላይ ይጽፋሉ፤ የተፋቀው ቦታ ግን እድሜ ልኩን ሻከር ብሎ ይቀራል፣ ጣት ያገኘዋል።

የዚህኛው ጸሐፊ ጃኮብ ሻለስ ይባላል። ለሥራው 30 ዶላር ተከፍሎታል። እሱም ፍቋል። በመጀመሪያው ገጽ 15ኛ መስመር ላይ «ሠላሳ» የሚለው ቃል ያረፈው በተፋቀ ቦታ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱን ያረቀቀው ጉባኤ በተዘጋበት ዕለት፣ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1787፣ «ለ40 ሺህ ሰው አንድ ተወካይ» የሚለው ቁጥር በዛ ተባለና ወደ 30 ሺህ ወረደ። ጆርጅ ዋሽንግተን በጋውን ሙሉ በሰብሳቢነት ወንበር ተቀምጦ በክርክሩ ሳይገባ ከርሞ፣ በመጨረሻው ቀን ለዚህች እርማት ተናገረ። የታረሙት ቃላት በአራተኛው ገጽ ከፊርማዎቹ አጠገብ አንድ በአንድ ተመዝግበዋል። አያቴ ይህን ቢያዩ ደስ ይላቸው ነበር።

መስታወቱ ላይ አጎንብሼ ያንን መስመር ስፈልግ ዓይኔ ላይ የመጣው ግን እዚያው አንቀጽ ውስጥ ከፍ ብሎ ያለው ቃል ነው፤ በባርነት የተያዘ ሰው በሕዝብ ቆጠራ ከአምስት ሦስት እጅ ይቆጠራል የሚለው። ባሪያ የሚለውን ቃል እንኳ አልጻፉትም፤ «ሌሎች ሰዎች» ብለው አለፉት። አርባን ሠላሳ ያደረገው ስለት ከዚያ ቃል ጥቂት መስመር ብቻ ነው የሚርቀው። ብዙ ጊዜ ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ የነበሩ ተማሪዎች ይለፉ ብዬ ነው ፈቀቅ ያልኩት።

ከዚያ ወደ ካፒቶል ኮረብታ ወጣሁ። በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ምድር ቤት ዋና ዳኛ ጆን ማርሻል በነሐስ ተቀርጾ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከጀርባው ባለው እብነ በረድ ላይ ከፍርዶቹ የተመረጡ ቃላት ተቀርጸዋል። አንደኛው የ1803ቱ ነው፤ ሕጉ ምን እንደሆነ መናገር የዳኝነት ክፍሉ ሥልጣንም ግዴታም ነው ይላል። በማስታወሻ ደብተሬ ገለበጥኩት።

ያ ፍርድ የተወለደው ከአንዲት ያልደረሰች ደብዳቤ ነው። ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ በምርጫ ተሸንፎ ሊወርድ ሲል ለዋሽንግተንና ለአካባቢዋ 42 አጥቢያ ዳኞች ሾመ። የሹመት ደብዳቤዎቹ ተፈረሙ፣ ታተሙ፤ ከነሱ አንዳንዶቹ ግን ሳይታደሉ መሸ። ማኅተሙን የመታው የውጭ ጉዳይ ኃላፊ ራሱ ጆን ማርሻል ነበር። በነጋታው ሥልጣን የያዘው ቶማስ ጄፈርሰን ደብዳቤዎቹ እንዳይሰጡ አደረገ። ከተሿሚዎቹ አንዱ ዊሊያም ማርበሪ «ደብዳቤዬን ስጡኝ» ብሎ አዲሱን የውጭ ጉዳይ ኃላፊ ጄምስ ማዲሰንን ከሰሰ። ክሱ የቀረበው ማኅተሙን ሲመታም ዋና ዳኛ በነበረው በማርሻል ፊት ነው። ዛሬ ቢሆን ከችሎት ይነሣ ነበር።

ማርሻል ያለበትን ጭንቅ አስቡት። ማዲሰንን «ስጥ» ብሎ ቢያዝ ጄፈርሰን እምቢ ይላል፤ ፍርድ ቤቱ የራሱ ሕንፃ እንኳ የሌለው፣ በካፒቶል ውስጥ በተዋሰው ክፍል የሚያስችል ድኩም ተቋም ነበር። «አይገባህም» ቢለው ደግሞ ፈራ ይባላል። ማርሻል እንዲህ ፈረደ፦ ሹመቱ በማኅተሙ ጸንቷል፤ ማርበሪ መብት አለው። መብት ያለውም ሰው መፍትሔ ይገባዋል። ነገር ግን ክሱን በቀጥታ ወደዚህ ፍርድ ቤት እንዲያመጣ የፈቀደለት የ1789ኙ አዋጅ፣ ሕገ መንግሥቱ ለፍርድ ቤቱ ከሰጠው ሥልጣን አልፎ ሄዷል። ሁለቱ ሲጋጩ ሕገ መንግሥቱ ይበልጣል፤ አዋጁ ይወድቃል። ማርበሪ ደብዳቤውን አጣ፤ ጄፈርሰንም እምቢ የሚለው ትእዛዝ አጣ። ማርሻል አንዲት ትንሽ ሥልጣን «የኔ አይደለችም» ብሎ ሲመልስ፣ የምክር ቤትን ሕግ የመሻርን ትልቅ ሥልጣን በእጁ አስገባ።

ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው የሚገርማቸው፣ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ይህ ሥልጣን በግልጽ አለመጻፉ ነው። ስለ ዳኝነት የሚናገረው ሦስተኛው አንቀጽ አጭር ነው፤ ፍርድ ቤት ሕግ ይሽራል አይልም። የኛ የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት ይህን ለፍርድ ቤት አልተወውም፤ በአንቀጽ 83 ሕገ መንግሥታዊ ክርክርን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቶታል። የኛ ግልጽ ነው፤ የነሱ ከችሎት የበቀለ ነው። እኔ በግሌ፣ ከመንግሥት ጋር የተካሰሰ ሰው የመጨረሻ ቃሉን ከዳኛ አፍ ቢሰማ እመርጣለሁ፤ ይህንንም ክፍል ውስጥ አልደብቅም።

ከሰዓት በኋላ በካፒቶል አስጎብኚ ተከትዬ ፍርድ ቤቱ ከ1810 እስከ 1860 ያስቻለበትን አሮጌ አዳራሽ አየሁ። ጣሪያው እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ ነው። ግድግዳው ላይ የፍትሕ ምስል አለች፤ ሚዛን ይዛለች፣ ዓይኗ ግን አልተሸፈነም። ማርች 6 ቀን 1857 ዋና ዳኛ ሮጀር ቴኒ፣ በባርነት ተይዞ ነፃነቱን በክስ የጠየቀውን የድሬድ ስኮትን ፍርድ ያነበበው እዚህ ነው። ባሪያም ይሁን ነፃ፣ ከአፍሪካ የመጣ ሰው ዘር የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም አለ። ሰባት ለሁለት። ሕጉ ምን እንደሆነ የመናገር ሥልጣን፣ ማርሻል በብልሃት ያገኘው ያ ሥልጣን፣ ለዚህም ዋለ። የቴኒ ሐውልት እዚያ መግቢያ አካባቢ ነበር፤ ምክር ቤቱ በሕግ ወስኖ በ2023 አስነሥቶታል።

ያንን ፍርድ ያረመው ዳኛ አይደለም። ከ600 ሺህ ሰው በላይ ያለቀበት የእርስ በርስ ጦርነት ነው፤ ቀጥሎም በ1868 የጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ። በ1898 ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ከቻይናውያን የተወለደው ዎንግ ኪም አርክ፣ ቻይና ሄዶ ሲመለስ «ዜጋ አይደለህም» ተብሎ በር ሲዘጋበት ተከራክሮ በዚሁ ማሻሻያ ረታ። ስድስት ለሁለት።

ማታ ለአክስቴ ልጅ የማሻሻያውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጻፍኩላት፦ በአሜሪካ የተወለዱ ወይም ዜግነት የተሰጣቸው፣ ለሥልጣኗም ተገዢ የሆኑ ሰዎች ሁሉ የአሜሪካና የሚኖሩበት ግዛት ዜጎች ናቸው።

«‹ለሥልጣኗ ተገዢ› ያለው እኔን ይጨምራል?» አለች።

«ክርክሩ እሷ ላይ ነው። ነገ ቀይ መብራት ብትጥሺ ፖሊስ ያስቆምሻል?»

«እንዴታ!»

«የውጭ አገር አምባሳደርን ግን መክሰስ አይችሉም። የ1898ቱ ፍርድ ከለያቸው ጥቂቶች የዲፕሎማት ልጆች አሉበት። የአንቺ ልጅ ግን እንደነሱ አይደለም ብዬ ነው የማነበው።»

«ዳኞቹ ሌላ ቢያነቡትስ?»

አያነቡትም ልላት አልቻልኩም፤ የዋልኩት ቴኒ ባነበበበት አዳራሽ ነው። ስለ እሱም፣ ስለ ተፋቀው ብራናም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብላኝ አጠፈችና የሐኪም ቀጠሮዋንና የአልትራሳውንድ ፎቶዋን በምታስቀምጥበት ሰማያዊ ማኅደር ውስጥ ከተተችው።