የቆመ ሰዓት

ዛሬ ከሥራ መልስ የአባቴን የእጅ ሰዓት ይዤ ሐዋሳ ፒያሳ ወዳለ አንድ ሰዓት ሠሪ ጎራ አልኩ። የ7 ዓመቷ ልጄ ክንዴን ጎተተችኝ።

«እማዬ፣ አታሠሪው። ከተሠራ የመኝታ ሰዓት ይደርሳል።»

ሽማግሌው ሳቁ። ነካክተውት ሲያበቁ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያ የልጄ ጆሮ ላይ አደረጉላት። ትንፋሿን ያዘች።

«ውስጡ ጉንዳን እየሄደ ነው!»

አላድግም ያለው ፒተር ፓን ትዝ አለኝ። ጄምስ ባሪ በፈረንጆቹ 1904 ለንደን ላይ ለመድረክ ያበቃው ልጅ። ታሪኩ ውስጥ አንድ አዞ አለ (እኛ ሐይቃችን ዳር የለመድነው ጉማሬ ነው)። የፒተርን ጠላት፣ የባሕር ወንበዴውን የካፒቴን ሁክን እጅ በልቷል፣ ሰዓትም ውጧል። ሆዱ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ይላል። ያ ድምፅ ሲሰማ ሁክ ይርበደበዳል። ፒተር ግን ምን ገዶት! እንዲያውም ድምፁን አስመስሎ ያስደነግጥበታል።

በልጅነቴ ፒተርን ነበር የምወደው። ዛሬ ሁክ አሳዘነኝ። በ1911 በወጣው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ሰዓቱ ቆሟል። አዞው ግን የትም አልሄደም። ድምፁን አጥፍቶ ይጠብቀዋል።

የአባቴ ሰዓት መሳቢያ ውስጥ ከቆመ 8 ዓመቱ ነው። ልጄን በዕድሜ ይበልጣታል።

«ስንት ሰዓት ላይ ላድርገው?» አሉ ሽማግሌው።

ልጄ ቀደመችኝ። «ዘጠኝ!»

ከትምህርት ቤት የምትወጣበት ሰዓት ነው። 11 ተኩል አልፎ ነበር።