ከመሥሪያ ቤት ሞተር ወደ ስፖርት ሞተር፦ የስምንት ወር ማስታወሻ

ጥቅምት ላይ 600 ሲሲ ስፖርት ሞተር ልገዛ አዲስ አበባ ሄጄ ባዶ እጄን ተመለስሁ። ጥር ላይ 200 ሲሲ ገዛሁ። በመካከል ባሉት ሦስት ወራት የገዛ እጄንና እግሬን ስመረምር ነው የከረምሁት። ጎንደር ሆናችሁ የመጀመሪያ ስፖርት ሞተራችሁን ለመምረጥ የምታስቡ ካላችሁ ይጠቅማችሁ እንደሆነ ከማስታወሻ ደብተሬ እያየሁ እጽፋለሁ።

መነሻዬን ልንገራችሁ። የግብርና ባለሙያ ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ በመሥሪያ ቤት ያማሃ 100 ሲሲ ደምቢያን ዞሬአለሁ። የቆላድባን አካባቢ የምታውቁ በጋ ላይ አቧራው፣ ክረምት ላይ መረሬው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። በዚያ ጭቃ ሞተር ሳይተኛብኝ ውዬ የገባሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ሰውም “ሞተር ላይ ጎበዝ ናት” ይለኛል። ስለዚህ ጀማሪ ነኝ ብዬ አላሰብሁም ነበር።

አዲስ አበባ ያየሁት ያማሃ አር 6 ነበር። ያገለገለ ቢሆንም ንጹሕ ነው፤ ሳየው ልቤ ደነገጠ። ተቀመጥሁበት። የዚህ ሞተር መቀመጫ ከመሬት 850 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ እኔ ደግሞ ቁመቴ 1 ሜትር ከ61 ነው። መሬት የነኩት የእግሮቼ ጣቶች ጫፍ ብቻ ነበሩ። ነዳጅ ሲሞላ ወደ 190 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተር በእግር ጣት ጫፍ ይዞ ቁልቁለት ላይ መቆም ምን እንደሚመስል ለማሰብ ጎንደሬ መሆን ይበቃል። ሻጩ ጨዋ ሰው ነበር። “ቀስ አድርገሽ ከያዝሽው ምንም አይልሽም” አለኝ።

ይህን ምክር ብዙ ሰው ይሰጣል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ሰው ቀስ አድርጎ የሚይዘው ሲረጋጋ ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ክንድ ይነቀነቃል፤ ክንድ ሲነቀነቅ የእጅ አንጓ ሳናዝዘው ጋዝ ይሰጣል። በ100 ሲሲ ሞተር እንዲህ ያለው ስሕተት ድምፅ ከመጨመር አያልፍም። በ600 ሲሲ ስፖርት ሞተር ግን ያው የአንጓ እንቅስቃሴ ወደ ፊት ያስወነጭፋል። ይህ ሞተር ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ ከ14 ሺህ ዙር በላይ ሲሽከረከር ነው፤ በአንደኛ ማርሽ ብቻ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ እስከ ማራኪ በባጃጅ፣ በአህያና በተማሪ መካከል ስሄድ ሁለተኛ ማርሽ ለማስገባት እንኳ ምክንያት አይኖረኝም ነበር። ገንዘቤን ይዤ ተመለስሁ።

ጎንደር እንደገባሁ የመሥሪያ ቤታችንን ሞተሮች የሚጠግኑልንን መካኒክ አማከርሁ። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ስለ ሲሲና ስለ ጉልበት የምጠይቀውን ሁሉ ሰምተው ከጨረሱ በኋላ፣ “ልጄ፣ እሱን ተይውና ይህን ንገሪኝ” አሉኝ። “ከብት ድንገት ቢገባብሽ መጀመሪያ የምትይዢው የቱን ፍሬን ነው?”

“ሁለቱንም ነዋ፣ ጋሼ።”

“እሱ የትምህርት ቤቱ መልስ ነው። ሂጂና ሞክሪው።”

ሞከርሁት። ከአዘዞ ወጣ ብሎ ማለዳ ላይ ሰው የማይበዛበት ቀጥ ያለ አስፋልት አለ። ከጓደኛዬ 150 ሲሲ ሞተር ተውሼ፣ ታናሽ ወንድሜን ይዤ ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሄድን። አስፋልቱ ላይ በኖራ መስመር አሰመርን። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየመጣሁ መስመሩ ላይ ስደርስ ፍሬን እይዛለሁ፤ ወንድሜ ከመስመሩ እስከ ቆምሁበት ድረስ በእርምጃ ይቆጥራል። የኋላውን ብቻ ስይዝ 24 እርምጃ። ሁለቱንም ስይዝ፣ የፊቱንም እየፈራሁ፣ 19።

ቀጥሎ የመጣው ሙከራ ነው ዓይኔን የገለጠልኝ። ወንድሜ የእኔን ነጠላ ይዞ መንገድ ዳር ይቆማል፤ ደስ ባለው ጊዜ ያውለበልባል፤ እኔ ወዲያው እቆማለሁ። 10 ጊዜ ሞከርን። ከ10 ጊዜ 9 ጊዜ ቀኝ እግሬ ቀድሞ የኋላውን ፍሬን ረግጧል፤ ጣቶቼ የፊቱን ፍሬን ጭራሽ አልነኩትም። አስፋልቱ ላይ የኋላው ጎማ የጻፋቸው ጥቁር መስመሮች ተደርድረው ነበር። ወንድሜ ምንም አልተናገረም፤ በጫማው ጫፍ አንዱን መስመር እየተከተለ እስከ መጨረሻው ሄደ።

ምክንያቱ ሲገባኝ በራሴ አልተቆጣሁም። ኮሮኮንችና ጭቃ ላይ የፊት ፍሬን ድንገት የያዘ ሰው ይወድቃል፤ አራት ዓመት ሙሉ ሰውነቴ የተማረው ከፊት ፍሬን መሸሽን ነው። በደምቢያ ያዳነኝ ይኸው ልማድ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የፊቱ ጎማ መሬቱን ይጨብጣል፣ የኋላው ይቀላል። ስለዚህ ከሚያቆመው ኃይል አብዛኛው የሚገኘው ከፊት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስንሄድ ገና ፍሬን ሳንይዝ በአንዲት ሰከንድ ወደ 17 ሜትር እንጓዛለን። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬን ተይዞ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። እኔ በዚያ እግሬ 600 ሲሲ ልነዳ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሞተር ምርጫ ያለኝ ሐሳብ ይህ ሆነ፦ ሞተር መመረጥ ያለበት ስንደነግጥ እጃችን ለሚያደርገው ነገር ነው። አራት ዓመት ነድቻለሁ፣ አምስት ዓመት ነድቻለሁ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የት እና በምን እንደነዳን ይወስነዋል። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ማለዳ ኖራና ነጠላ ይዛችሁ ውጡ።

ወደ ምርጫው ልመለስ። ከ600 ወርጄ መጀመሪያ ያየሁት መካከለኛዎቹን ነው። ካዋሳኪ ኒንጃ 300 እና ያማሃ አር 3፣ ሁለቱም ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ክብደታቸው 170 ኪሎ ግራም አካባቢ፣ ጉልበታቸው 40 የፈረስ ጉልበት ገደማ። የአር 3 መቀመጫ 780 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለእኔ ቁመት ይስማማል። በአውሮፓ ለመካከለኛው የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ የተቀመጠው ጣሪያ 35 ኪሎ ዋት፣ ማለትም ወደ 47 የፈረስ ጉልበት ነው፤ እነዚህ ሞተሮች ከዚያ በታች ናቸው። ለመጀመሪያ ስፖርት ሞተርነት ከእነዚህ የተሻለ ብዙ አይገኝም ብዬ አምናለሁ፤ አቅሙና መለዋወጫው ያለው ሰው ቢገዛ አልከለክለውም።

እኔን ያስተወኝ ሞተሩን ከፊትና ከጎን የሚሸፍነው የፕላስቲክ ልባሱ ነው። ጀማሪ ሞተር የሚጥለው በአብዛኛው ቆሞ ወይም ሲዞር ነው፤ ኮብልስቶን ላይ፣ ዳገት ላይ። ልባስ ያለው ሞተር ቆሞ እንኳ ቢወድቅ ይሰነጠቃል፣ ምትኩም ከሩቅ ነው የሚመጣው። ሁለተኛ፣ የስፖርት ሞተር መሪ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ያስደርጋል፤ ቁልቁለት ላይ የሰውነት ክብደት ሁሉ አንጓ ላይ ያርፋል። ጋዝ የሚሰጠውም፣ ፍሬን የሚይዘውም ያው አንጓና ያው እጅ ነው። ሦስተኛ፣ መሪው ብዙ ስለማይዞር አራዳ ገበያ አካባቢ ባለ ጠባብ መንገድ መመለሻ ያሳጣል።

በጣም ትንሽ መግዛትም መፍትሔ አይደለም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል። ወረቀት ላይ 23 የፈረስ ጉልበት የተባለው እኛ ዘንድ ወደ 18 ይወርዳል። ዳገት ላይ የጭነት መኪና መቅደም የማይችል ሞተር ሌላ አደጋ ነው። ካርቡራተር (ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው ከሆነ ደግሞ ቆላ ላይ የተስተካከለው እዚህ ነዳጅ ይበዛበታል፤ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ይጠቁራል። ስለዚህ ስትገዙ ካንዴላውን አስፈትታችሁ እዩ።

በመጨረሻ የመረጥሁት ባጃጅ ፑልሳር 200 ኤንኤስ ነው። 199.5 ሲሲ፣ ክብደቱ 150 ኪሎ ግራም አካባቢ፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ፣ ባለ ስድስት ማርሽ። ልባስ የለውም፤ አቀማመጡ ቀና ያለ ሆኖ ትንሽ ብቻ ወደ ፊት ያዘነብላል። መቀመጫው ለእኔ ትንሽ ከፍ ይላል፤ አንድ እግሬን ሙሉ በሙሉ፣ ሌላውን በጣት እረግጣለሁ። ይህን ጉድለት አውቄ ነው የተቀበልሁት። ጋሼ አሽከርክረው ካዩት በኋላ ካቴናውንና የፊት ፍሬኑን ሸራ አስቀየሩኝ። ጥምቀት እስኪያልፍ ጠበቅሁ፤ ያን ሰሞን ከተማው ሞተር መለማመጃ አይደለም።

የካቲት ሙሉ በሙሉ የፍሬን ወር ነበር። ሌላ ነገር አልተለማመድሁም ብል ይቀላል። የፊት ፍሬን እንደ ሎሚ ነው፤ ቀስ ብሎ ተጀምሮ እየጠነከረ ይጨመቃል። በአንድ ጊዜ ከተነጠቀ የፊቱ ጎማ ይቆለፋል። ሞተሩን ሳላስነሣ ቆሜ እንኳ ሳሎን በር ላይ ጣቶቼን አለማምድ ነበር፤ እናቴ “ደግሞ ጀመራት” ትላለች። በወሩ መጨረሻ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት በ14 እርምጃ መቆም ቻልሁ።

መጋቢት ላይ አንድ ጊዜ ወደቅሁ። ዳገታማ ኮብልስቶን ላይ ቆሜ ስነሣ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቅሁት፤ ሞተሩ ጠፋ፤ የመሬቱ ዘንበል ያለው ወገን ደግሞ በጣት በምረግጠው እግሬ በኩል ነበር። ስፖኪዮው ተሰበረ፣ የፍሪሲዮኑ መያዣ ጎበጠ። እኔ ምንም አልሆንሁም። ሁለቱንም በዚያው ቀን አስተካከልሁ፤ ልባስ ያለው ቢሆን ኖሮ ወር ሙሉ ይቆም ነበር። ከዚያ ወዲህ ስቆም አስቀድሜ የመሬቱን ዝንባሌ አያለሁ፤ ዘንበል ያለው ወገን በጣት በምረግጠው እግሬ በኩል እንዳይሆን እጠነቀቃለሁ።

ሚያዝያ ላይ በወለቃ አድርጌ ወደ ኮሶዬ ወጣሁ። ኩርባ የተማርሁት እዚያ ነው። ፍጥነት ላይ ሞተር የሚታጠፈው መሪውን በመጠምዘዝ አይደለም፤ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የቀኙን መሪ ወደ ፊት ገፋ ማድረግ ነው፤ ሞተሩ ራሱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ሲነገር እንግዳ ነው፣ ሲሠራ ግን ሰውነት ወዲያው ይገባዋል። ከባዱ ዓይን ነው። አንድ የግራ ኩርባ ላይ ከፊቴ ሲኖትራክ መጣ፤ ዓይኔ እሱ ላይ ተተከለ፤ ሞተሩም ዓይኔን ተከትሎ ኩርባውን አጥብቦ ወደ መካከሉ መስመር መጠጋት ጀመረ። አገጬን አዙሬ ኩርባው የሚያልቅበትን ቦታ በግድ አየሁ፤ ሞተሩም ወደ መንገዱ ተመለሰ። ፍጥነቴ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ነበር። 90 ቢሆን ኖሮ አገጬን ለማዞር ጊዜ አላገኝም ነበር።

ሄልሜትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ጉንጭን ጫን የማያደርግ ሄልሜት ሰፊ ነው፤ መሬት የመታውም፣ ምንም ስንጥቅ ባይታይበት፣ ይጣላል። ያገለገለ አትግዙ።

ግንቦት መጨረሻ ዝናቡ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ከሐምሌው ይልቅ ያንሸራትታሉ፤ በበጋ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ገና አልታጠበም። እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር አልተስማማንም። እርሳቸው “በዝናብ ወደ ድሮ እግርሽ ተመለሺ፣ የኋላውን አብዝተሽ ያዢ” ይላሉ። እኔ ግን ያን ልማድ ለማስተው የፈጀብኝን ጊዜ ስለማውቅ ሁለቱንም ይዤ፣ ለስለስ አድርጌ፣ ርቀቴን እጥፍ መጠበቅን መርጫለሁ። ሞተሬ ፍሬን ሲያዝ የጎማ መቆለፍን የሚከላከል ኤቢኤስ የለውም። ኤቢኤስ ያለው ብታገኙ ተጨማሪውን ገንዘብ ክፈሉ።

የነጠላውን ሙከራ በየወሩ እደግመዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከ10 ጊዜ 7ቱን ጣቶቼ ከእግሬ እኩል ወይም ቀድመው ይዘዋል፤ ሦስቱን እግሬ ቀደመ። 10 ከ10 ለሦስት ወር ተከታታይ ሲሆን ኒንጃ 300 ወይም አር 3 መፈለግ እጀምራለሁ። እስከዚያ ወንድሜ አዲስ ኖራ ገዝቷል፤ የበፊቱን መስመር ዝናቡ አጥቦታል።