ቲያንታንን ከልጅ ጋር እየቆጠሩ መጎብኘት

ቤጂንግ የሚገኘውን የሰማይ ቤተ መቅደስ፣ ቲያንታንን፣ ከልጅ ጋር ስትጎበኙ መጀመሪያ የምትወስኑት የምትገቡበትን በር ነው። የሜትሮ መስመር 5 ምሥራቅ በር ላይ ስለሚያወርድ አብዛኛው ሰው በዚያው ይገባል። በዚያ የገባ ልጅ ዝነኛውን የመልካም ምርት ጸሎት አዳራሽ ቀድሞ ያይና የቀረውን “ደከመኝ” እያለ ይጨርሳል። ታክሲ ይዛችሁ በደቡብ በር ግቡ። ዋና ዋናዎቹ ሕንፃዎች ከደቡብ ወደ ሰሜን በአንድ መስመር ስለተሰደሩ ትልቁ አዳራሽ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ትኬት ስትቆርጡ ጥቅሉን ውሰዱ። ተራው የመግቢያ ትኬት ከግቢው በቀር ወደ ሦስቱ ዋና ቦታዎች አያስገባም። የልጁንም ፓስፖርት ያዙ። ሰኞ አትሂዱ፤ መናፈሻው ቢከፈትም ዋናዎቹ ቦታዎች ዝግ ናቸው።

መጀመሪያ የምታገኙት እ.ኤ.አ. በ1530 የተሠራውና በ1749 የሰፋው ክብ መሠዊያ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት በታኅሣሥ ወር ለሰማይ መሥዋዕት ያቀርብ የነበረው እዚህ ነው። የዘጠኝን ማባዣ ለያዘ ልጅ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ላይኛው እርከን መሐል አንድ ክብ ድንጋይ አለ፤ በዙሪያው 9 ንጣፍ ድንጋዮች፣ ቀጥሎ 18፣ ከዚያ 27 እያለ ዘጠነኛው ዙር 81 ላይ ይደርሳል። የደረጃዎቹም ብዛት በየእርከኑ 9 ነው። ከነጠላ አሃዝ ጎዶሎ ቁጥሮች ትልቁ 9 ስለሆነ የሰማይ ቁጥር ተደርጎ ይታይ ነበር። ልጆች ሲቆጥሩ የት እንደጀመሩ ይጠፋባቸዋል፤ ስለዚህ አንዳችሁ መነሻው ድንጋይ ላይ ቁሙ። ሦስት ዙር ከተቆጠረ ይበቃል፤ አራተኛውን ልጁ አስቀድሞ ይገምት፣ ከዚያ ቆጥሮ ያረጋግጥ። የዘጠኙ ዙር ድምር 405 ነው። በበጋ ነጩ እብነ በረድ ፀሐይዋን ያንጸባርቃል፣ ጥላም የለም፤ ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ድረሱ።

ቀጥሎ ያለው የማሚቶ ግድግዳ ብዙ ቤተሰብ ተናዶ የሚወጣበት ነው፤ ጥፋቱ ግን የአጠቃቀም ነው። ዙሪያው 193 ሜትር ሲሆን ጡቡ ተሞርዶ ስለተጋጠመ ድምፅ ግድግዳውን ታክኮ ይሄዳል። በክቡ ግድግዳ ውስጥ በምሥራቅና በምዕራብ ትንንሽ ቤቶች አሉ፤ አንዱ ከምሥራቁ፣ ሌላው ከምዕራቡ ቤት ጀርባ ይቁምና ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ሰሜን አዙረው በግድግዳው አቅጣጫ፣ በተለመደ ድምፅ ያውሩ። በደቡብ በኩል በር ስላለ ድምፁ እዚያ ይቆረጣል። እርስ በርስ ፊት ለፊት መጮህ ምንም አይጠቅምም። ጎብኚ ከበዛ ተዉት፤ አይሰማም።

ወደ ሰሜን የሚወስደው ከፍ ያለ መንገድ 360 ሜትር ነው። መሐሉ የሰማይ አምላክ፣ ምሥራቁ የንጉሠ ነገሥቱ፣ ምዕራቡ የመሳፍንቱ መሄጃ ነበር። የመሥዋዕት ከብቶቹ የሚያልፉት ከሥሩ ባለው ዋሻ ነበር። ልጆች ከንጉሡ መንገድ ይልቅ ይህን ዋሻ ይወዳሉ።

የመልካም ምርት ጸሎት አዳራሽ 38 ሜትር ከፍታ አለው፤ ሰማያዊው ጣሪያ የሞሰብ ክዳን ሦስት ጊዜ የተደራረበ ይመስላል። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1420 ተሠራ፤ በ1889 መብረቅ አቃጠለው፤ ዛሬ የሚታየው ከዚያ በኋላ የታነጸው ነው። ውስጥ መግባት ስለማይቻል 28ቱን ዓምዶች ከደጃፍ ቆሞ መቁጠር ያስቸግራል። መላው ይህ ነው፦ ውጭውን እየዞራችሁ በበሮቹ መካከል የቆሙትን 12 ቁጠሩ፤ ከደጃፍ መሐል ላይ ያሉትን 4 ረጃጅሞች ፈልጉ፤ የቀረውን ልጁ በመቀነስ ያግኘው። አራቱ የወቅቶች፣ መካከለኞቹ 12 የወራት፣ የውጭዎቹ ደግሞ የቀኑ 12 ክፍለ ጊዜያት ናቸው፤ ቻይናውያን ሌሊትና ቀኑን በ12 ነበር የሚከፍሉት። ቤት ሳላችሁ ሦስት ክቦች በወረቀት ብትስሉ እዚያ ልጁ ነጥብ እያደረገ ይሞላቸዋል።

መውጫችሁ በምሥራቅ በር፣ ወደ ሜትሮው ይሁን። በመንገዳችሁ “ሰባቱ የከዋክብት ድንጋዮች” የሚባሉት አሉ፤ ልጁ ይቁጠራቸው፣ ስምንት ናቸው።