ሶሉና ቆዳው

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በእግሬ ስሄድ የሐምሌ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘኝ፤ ከአስፋልቱ ዳር የሚወርደውን ጎርፍ ልሻገር ስል የቀኝ እግሬ ጫማ ከአፍንጫው በኩል አፉን ከፈተ። ጫማውን የገዛሁት ለእንቁጣጣሽ ነበርና ገና ዓመት አልሞላውም። ያን ዕለት አጠገቡ ተደርድሮ የነበረውን የውጭ ጫማ ትቼ እርሱን ያነሣሁት ገበሩ ላይ «የኢትዮጵያ ምርት» የሚል ጽሑፍ ስላየሁ እንጂ፣ ስፌቱን መርምሬ ሶሉንም አጥፌ ዘርግቼ አይቼው እንዳልነበረ ለዚህ ደብተር ልናዘዝ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ሱቁ ይዤው ሄድሁ። ሻጩ አገላብጦ ካየው በኋላ፣ «ጋሼ፣ የአገር ምርት እኮ ነው፤ እኛ ካላበረታታነው ማን ያበረታታዋል?» አለኝ። የተናገረው በትሕትና ነው፤ ንግግሩ ግን ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። በጽሑፉ የኮራሁበት እኔ ስሆን፣ እርሱ ለካ ቅሬታ መመለሻ ጋሻ አድርጎ ይዞት ኖሯል። የውጭ ጫማ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ይቅርታ ባልጠየቀኝ ነበር። ጉድለቱን ታግሼ እንድይዘው የምለመንለት ዕቃ ከሌላው ያነሰ መሆኑን ሻጩ ራሱ አስቀድሞ አምኗል ማለት ነው፤ ከሶሉ መላቀቅ ይልቅ ያሳዘነኝም ይኸው ነው።

እርግጥ እኔም ከዚህ ቀደም የከዳሁ ሰው ነኝ። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ገደማ የቻይና ጫማ መርካቶን ባጥለቀለቀበት ጊዜ ተማሪ ነበርሁ፤ ቅርጹ ዓይን የሚስብ፣ ዋጋውም ለተማሪ ኪስ የሚቀል በመሆኑ ሳላመነታ ገዛሁ። በዚያው ወራት በሸራ ተራ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ቆዳ የሚቆርጡና የሚሰፉ ባለሙያዎች ገበያቸው ቀዝቅዞ፣ ብዙዎቹ ሥራቸውን እስከ መዝጋት ደርሰው ነበር። ሙያው ግን ትናንት የመጣ አልነበረም፤ በ1930 ዓ.ም. ገደማ አርመን ነጋዴዎች አዲስ አበባ ውስጥ ከከፈቷቸው የጫማ ፋብሪካዎች ጀምሮ፣ በዚያ ተቀጥረው ሥራውን የለመዱ ሰዎች ወጥተው የየራሳቸውን ቤት እየከፈቱ፣ አንዱ ለሌላው እያስተማረ የዘለቀ ነው። የእኔ የቻይና ጫማ አንድ ክረምት እንኳ ሳይሻገር እንደ ራሰ ካርቶን ተላጠ። እንደ እኔ የተቃጠለው ሸማች ቀስ በቀስ ወደ አገር ቤቱ ጫማ ተመለሰ፤ ሲመለስ ግን ያገኘው ትቶት የሄደውን ጫማ አልነበረም። የሸራ ተራ ሰዎች በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆነው የውጭውን ቅርጽ አጥንተው፣ የተሻለ ቆዳና የተሻለ ሶል መርጠው፣ አሠራራቸውን ለውጠው ጠበቁት፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከገበያው ብዙውን መልሰው ያዙ። እኛ ያኔ በፍቅር ብቻ አሮጌውን ጫማ መግዛታችንን ብንቀጥል ኖሮ ይህ ሁሉ ትጋት ይመጣ ነበር ብዬ አላምንም። (በሩን ዘግቶ ያልተመለሰው ባለሙያ እኔ ብሆን ኖሮ ግን ይህን ዓረፍተ ነገር እንዲህ በተረጋጋ እጅ አልጽፈውም።)

ከሱቁ ስመለስ ሰፈራችን ላለው ሊስትሮ ሰጠሁት። ጣቱን በክፍተቱ አስገብቶ፣ «ጋሼ፣ ቆዳው ምንም አልሆነም፤ ጉዱ ያለው ማስቲሹ ላይ ነው» አለኝና ዙሪያውን በክር ሰፋልኝ። እውነቱን ነው፤ ቆዳው ዛሬም ለስላሳ ነው፤ ቀለም ሲነካው ያበራል። እዚህ ላይ ግን የታማኝነቴ ሒሳብ ተምታታብኝ። ለአገር ውስጥ ጫማ የሚሆነው ሶል፣ ማጣበቂያውና ቆዳው የሚለፋበት ኬሚካል በአብዛኛው በዶላር የሚገቡ ናቸው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ወጪያቸው ለሠሪው ምን ያህል እንደከበደ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ አምራቹ ከማስቲሹ ሲቆጥብ ለምን እንደሚቆጥብ ይገባኛል፤ ይገባኛል ማለት ግን እግሬ ይርጠብ ማለት አይደለም። ለልጄ የመስከረም ጫማ ስገዛ አሁንም መጀመሪያ የማነሣው የአገር ውስጡን ነው፤ ሶሉን አጥፌ፣ ስፌቱን በጥፍሬ ሞክሬ ካልጣመኝ ግን ምክንያቱን ለሻጩ ነግሬ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ዝም ብሎ መግዛትም ሆነ ዝም ብሎ መሄድ ለሠሪው የሚነግረው ነገር የለም።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር እየቆረቆረኝ ነው። በእንስሳት ሀብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ነን፤ የደጋ በጎቻችን ቆዳ ስስነትና ጥንካሬን አጣምሮ በመያዙ በውጭ አገር የእጅ ጓንት ሠሪዎች ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ብዙው ቆዳ ፋብሪካ ሳይደርስ በእከክ፣ በእሾህ ጭረትና በአራጅ ቢላ ይበላሻል። በልጅነቴ የበዓል ዕለት ከሰዓት በኋላ ቆዳ ገዢዎች በየበሩ እየተጣሩ ይዞሩ ነበር፤ አባቴም ቀዳዳ ያለው ቆዳ ዋጋው እንደሚወድቅ ስለሚያውቅ በጉ ሲገፈፍ ከአጠገቡ አይጠፋም ነበር። ባለፈው ፋሲካ ግን በጋችንን የገፈፈልን ሰው በችኮላ ቆዳውን ሁለት ቦታ በቢላ ሲበሳው አይቼ፣ «ቀስ በል እንጂ!» ብለው፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ፣ «ማን ሊገዛው ነው፣ ጋሼ?» አለኝ። እኔም አልተከራከርሁትም። ማታ ላይ ቆዳውን ጠቅልዬ ከቆሻሻው ጋር አወጣሁት።